የመኪናዎ ዓይን ሞራ ሲለብስ፦ የደበዘዘ የፊት መብራትን በቤት ውስጥ ማጥራት

አምፖሉን ሁለት ጊዜ ቀየርኩት። መጀመሪያ ያረጀ መሰለኝ፤ ቀጥሎ ደግሞ ርካሽ ዕቃ ገዝቼ ነው አልኩ። አንድ ቀን ከደብረ ብርሃን ወደ አዲስ አበባ ስመለስ ሸኖ ላይ መሸብኝ። ረጅሙን መብራት አብርቼ እንኳ ከፊቴ የሚታየኝ ወተት የተደፋበት የሚመስል ብርሃን ብቻ ነበር። መብራት የሌለው ጋሪ ያየሁት ልደርስበት ጥቂት ሜትር ሲቀረኝ ነው። በማግስቱ ጠዋት ቪትዜን ፊት ለፊት ቆሜ አየኋት፤ ዓይኗ ሞራ ለብሷል። አምፖሉ ምንም አልሆነም፤ ብርሃኑ የሚወጣበት መስኮት ነው የታወረው።

ድሮ ይህ ችግር አልነበረም። የላዳ ታክሲ፣ የፔዦ 404 እና የቮልስ መብራት ፊቱ መስታወት ነበር። መስታወትን ጠጠር ይሰነጥቀዋል እንጂ ፀሐይ ቢጫ አታደርገውም። ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ፋብሪካዎች ፖሊካርቦኔት ወደሚባለው ፕላስቲክ ዞሩ። ቀላል ነው፤ በቀላሉ አይሰበርም፤ በተፈለገው ቅርጽ ይወጣል። ጠላቱ የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ነው። ይህን ስለሚያውቁ ፋብሪካዎቹ ከላዩ ከሰው ፀጉር የቀጠነ ጠንካራ ልባስ ያለብሱታል። እሱ ቆዳው ነው። ዓመታት ሲያልፉ ፀሐዩ፣ የመንገዱ አሸዋና አቧራ የያዘ ማጠቢያ ጨርቅ ቆዳውን ይልጡታል፤ ከሥሩ ያለው ፕላስቲክ ይጋለጥና ቢጫ ይሆናል፣ ይሻክራል።

እኛ አገር ደግሞ ነገሩ ይብሳል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ ከምድር ወገብ ብዙ ሳትርቅ የተቀመጠች ከተማ ናት። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የአልትራቫዮሌት ጨረሩ 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። አየሩ ቀዝቃዛ ስለሆነ ፀሐዩ የማይጎዳ ይመስለናል እንጂ ፕላስቲኩ ያውቀዋል። መኪናዎን ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ የሚያቆሙ ከሆነ ሁለቱን መብራቶች ያስተያዩ፤ ብዙውን ጊዜ በፀሐይ በኩል ያለው ይበልጥ ደብዝዞ ያገኙታል።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል፤ የዚህ ሁሉ ጽሑፍ ቁም ነገር እሱ ነውና። መብራቱን በብርጭቆ ወረቀት መፈተግ ግማሽ ሥራ ነው። ስንፈትግ የምናደርገው የተበላሸውን ቆዳ ገፍፎ መጣል ነው። አዲስ ቆዳ ካላለበስነው በመጀመሪያው ቀን እንደ መስታወት ያበራል፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ደግሞ ከበፊቱ ብሶ ይደበዝዛል። «አጽድቼው ነበር፣ ተመልሶ መጣ» የሚለው ሰው ሁሉ ያቆመው ግማሽ መንገድ ላይ ነው።

ከመጀመርዎ በፊት፦ ይድናል ወይስ አይድንም?

የሰው ዓይን ሞራ ከውስጥ ነው፤ የመኪናው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከላይ ነው። ለማረጋገጥ አንድ ኩባያ ውኃ ይበቃል። መብራቱን ያጥቡና ውኃ ያፍስሱበት። እርጥብ እያለ ጥርት ብሎ ውስጡ ከታየ፣ ሲደርቅ ደግሞ ተመልሶ ከጨፈገገ ጉዳቱ ከላይ ነው፤ ውኃው ጭረቶቹን ስለሞላቸው ነው ለጊዜው የጠራው። እንዲህ ያለው ይድናል።

ውኃ አፍስሰውበትም ካልተለወጠ ሦስት ነገር ሊሆን ይችላል። አንደኛው ከውስጥ የገባ እርጥበት ነው፤ ጠዋት ጠዋት ጠብታ ሲቋጥር ያዩታል። ይህ የሚመጣው ከኋላ የአምፖሉ ጎማ ክዳን ሲጠፋ ወይም የመብራቱ ማጣበቂያ ሲከፈት ነው፤ ከላይ ቢፈትጉት ዋጋ የለውም። ሁለተኛው በፕላስቲኩ ሥጋ ውስጥ የገቡ እንደ ሸረሪት ድር ያሉ ቀጫጭን ስንጥቆች ናቸው። እነሱን ማንም ወረቀት አይደርስባቸውም። ሦስተኛው ከአምፖሉ ጀርባ ያለው ብር መሰል አንጸባራቂ ተቃጥሎ መጥቆሩ ወይም መላጡ ነው። በእነዚህ በሁለቱ የመጨረሻዎቹ ድካምዎን ቆጥበው መብራቱን መለወጥ ይሻላል።

ምን ያህል እንደሚያተርፉም ይወቁ። የአሜሪካ አውቶሞቢል ማኅበር በ2018 (እ.ኤ.አ.) ይፋ ባደረገው ሙከራ ክፉኛ የደበዘዘ መብራት አዲስ እያለ ከሚሰጠው ብርሃን 20 በመቶ ያህሉን ብቻ ሲሰጥ ተገኝቷል። ከተፈተገና ከተወለወለ በኋላ ወደ 70 በመቶ ገደማ ተመልሷል። አዲስ አይሆንም ማለት ነው። ነገር ግን ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ያሉንን አሮጌ መኪናዎች ማሰንበት ግዴታችን ሆኗል፤ ከ20 ወደ 70 ቀላል ትርፍ አይደለም።

ሁለት መንገዶች አሉ፤ አሁኑኑ ይምረጡ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አዲሱን ቆዳ በሁለት መንገድ ማልበስ ይቻላል፤ ወረቀቱን የት ላይ እንደሚያቆሙ የሚወስነውም የመረጡት መንገድ ነው።

የመጀመሪያው በክሊር መቀባት ነው። ክሊር የመኪና ቀለም ቀቢዎች ከቀለሙ በላይ የሚረጩት ብርሃን የሚያሳልፍ ሽፋን ነው፤ ማጠንከሪያው ሃርድነር ይባላል። ይህን ከመረጡ ፕላስቲኩ መወልወል የለበትም። ክሊሩ የሚነክሰው ሻካራ ነገር ይፈልጋል፤ ጥቃቅኑን ጭረት ራሱ ሞልቶ ያጠራዋል። ስለዚህ ፍተጋውን በብርጭቆ ወረቀት ቁጥር 1000 ላይ ያቆማሉ። በደንብ ከተሠራ ለዓመታት ያገለግላል።

ሁለተኛው እስከ መጨረሻው ፈትጎ፣ ኮምፓውንድ በሚባለው መወልወያ ቅባት ወልውሎ፣ ከላይ የሴራሚክ ልባስ ወይም ሰም መቀባት ነው። ይህ ሁሉም ሰው ግቢው ውስጥ የሚሠራው ነው፤ አይመርዝም፤ ቢበላሽም ይታረማል። ዕድሜው ግን አጭር ነው። ሰም በየሁለት ወይም በየሦስት ወሩ ካልታደሰ ምንም እንዳልተቀባ ቁጠሩት። የሴራሚኩ ከዚያ ይሰነብታል።

እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ፤ ሰም በየጊዜው የመቀባት ትዕግሥት የለኝም።

የሚያስፈልገው ዕቃ

በውኃ የሚሠራ የብርጭቆ ወረቀት ቁጥር 600፣ 800፣ 1000፣ 1500፣ 2000፣ ከተገኘም 3000። ቁጥሩ ሲያንስ ወረቀቱ ይሻክራል። የመኪና ቀለም የሚሸጡ ሱቆች ሁሉም አሏቸው፤ የእንጨት ሠራተኞች የሚጠቀሙበትን ደረቁን እንዳይሰጧችሁ። ቀለም ቀቢዎች የሚጠቀሙበት የወረቀት ፕላስተር፤ ሁለት ባልዲ ውኃ፤ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና፤ ጠፍጣፋ ስፖንጅ፤ ሦስት አራት ንጹሕ ለስላሳ ጨርቅ፤ ከመድኃኒት ቤት 70 በመቶ አልኮል። ሁለተኛውን መንገድ ከመረጡ የመኪና ቀለም መወልወያ ኮምፓውንድና የሚቀቡት ሰም ወይም ሴራሚክ ይጨምሩ።

ስለ አልኮሉ አንድ ነገር። በኮሮና ጊዜ ቤት ውስጥ የቀረውን የእጅ ሳኒታይዘር አይጠቀሙ። ግሊሰሪን ስላለበት ሲደርቅ ቅባት ይተዋል፤ በዚያ ላይ ምንም አይያዝም። ቲነር፣ አሴቶንና ቤንዚን ደግሞ ከነጭራሹ አይቅረቡት። ፖሊካርቦኔት እነዚህ ሲነኩት ወዲያው ይጨፈግጋል፣ ወይም ቆይቶ ይሰነጣጠቃል፤ ያ ጉዳት አይመለስም።

ፍተጋው

ጥላ ያለበት ቦታና ነፋስ ያልተነሣበት ጠዋት ይምረጡ። ለሁለቱ መብራቶች ግማሽ ቀን ይመድቡ። መኪናውን፣ በተለይ የመብራቱን ዙሪያ፣ በሳሙና ያጥቡ፤ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ከወረቀቱ ሥር ከገባች የምትሠራውን ጭረት ለማጥፋት አንድ ሰዓት ያስፈልጋል። ከዚያ ኮፋኖውን፣ ፓራፋንጎውንና ፓራውርቱን በመብራቱ ጠርዝ ዙሪያ በወረቀት ፕላስተር ይሸፍኑ። አንድ ዙር አይበቃም፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ይደራርቡት። ወረቀቱ ሲያመልጥዎ፣ ማምለጡም አይቀርም፣ የሚያርፈው ቀለሙ ላይ ነው።

ወረቀቶቹን ከመጀመርዎ 15 ደቂቃ በፊት ጥቂት ሳሙና በተጨመረበት ውኃ ውስጥ ይዘፍዝፉ። በጣትዎ ብቻ ይዘው አይፈትጉ፤ ጣት ጎድጓዳ መስመር ያወጣል። በስፖንጁ ላይ ጠቅልለው በመዳፍዎ ይጫኑት፤ ስፖንጁ የመብራቱን ቅርጽ ተከትሎ ይተጣጠፋል።

ከየትኛው ቁጥር ይጀመር? የፋብሪካው ልባስ እንደ ዓሣ ቅርፊት እየተላጠ ከሆነ ከ600። ቢጫ ብቻ ከሆነ ከ800። ቀለል ያለ ጭጋግ ከሆነ ከ1000 መጀመር ይበቃል።

በመጀመሪያው ወረቀት ከግራ ወደ ቀኝ ብቻ፣ ቀጥ ባለ መስመር ይፈትጉ። ክብ እያደረጉ አይዙሩ። ውኃ ደጋግመው ያፍስሱ። የሚወርደውን ውኃ ይመልከቱ፤ መጀመሪያ ቢጫ ነው፤ እሱ የሞተው ቆዳና የተቃጠለው ፕላስቲክ ነው። ውኃው እንደ ወተት ነጭ ሲሆን ጤነኛው ፕላስቲክ ላይ ደርሰዋል። እዚህ ላይ አይቸኩሉ፤ የእኔ ሁለቱ መብራቶች በዚህ ቁጥር ብቻ አርባ ደቂቃ ወስደውብኛል። መሐል መሐል ላይ ያድርቁትና በስልክዎ መብራት ከጎን ያብሩበት። የቀረ ልባስ ካለ ጠርዙ በግልጽ የሚታይ እንደ ደሴት ያለ ብልጭልጭ ቦታ ሆኖ ይወጣል። እነዚያ ደሴቶች ካልጠፉ በኋላ በአዲሱ ሽፋን ሥር እንደ ካርታ ሆነው ይታያሉ። ማዕዘኖቹና የላይኛው ጠርዝ በጣም የሚረሱ ቦታዎች ናቸው።

በዚህ ጊዜ መብራቱ ወፍጮ ቤት የዋለ ይመስላል። ነጭ፣ ዱቄት የለበሰ፣ ምንም የማያሳይ። ባለቤቴ መጥታ አይታ «አበላሸኸው» ብላኝ ገባች። አይደንግጡ፤ መሆን ያለበት እንደዚያ ነው።

ቀጣዩን ቁጥር ሲይዙ አቅጣጫ ይለውጡ፤ አሁን ከላይ ወደ ታች። ምክንያቱ ቀላል ነው። የእያንዳንዱ ወረቀት ሥራ የቀደመው ወረቀት የተወውን ጭረት ማጥፋት ነው፤ አቅጣጫው ከተለየ አግድም የቀረ ጭረት ካለ ወዲያው ያዩታል። አግድሙ ሁሉ ጠፍቶ ቁመቱ ብቻ ሲቀር ያንን ቁጥር ጨርሰዋል። ያጥቡት፤ የባልዲውን ውኃ ይለውጡ፤ ምክንያቱም የሻካራው ወረቀት አሸዋ ውኃው ውስጥ ቀርቷል። ከዚያ ቀጣዩን ይያዙና ወደ አግድም ይመለሱ።

ቁጥር አይዝለሉ። በመጀመሪያ ሙከራዬ ከ800 በቀጥታ ወደ 2000 ዘለልኩ። ቀን ላይ ያማረ መሰለኝ፤ ማታ መብራቱን ሳበራ ጭረቶቹ ሁሉ እንደ ዝናብ መስመር ሆነው ወጡ። ተመልሼ ከ1000 ጀመርኩ።

ክሊር ለሚያስቀቡ ሥራው 1000 ላይ ያበቃል፤ «ክሊሩን ማልበስ» ወደሚለው ክፍል ይዝለሉ። የሚወለውሉ 1500፣ 2000 እና 3000 ብለው ይቀጥሉ፤ እነዚህ ለእያንዳንዱ መብራት አምስት አምስት ደቂቃ ይበቃቸዋል።

መወልወል

የአተር ፍሬ የምታህል ኮምፓውንድ በንጹሕ ጨርቅ ይውሰዱና ክብ እያደረጉ፣ ጫን ብለው ይወልውሉ። አሁን ክብ ማድረግ ይቻላል። በእጅ ከሆነ ለእያንዳንዱ መብራት አሥር ደቂቃ ያህል፣ በሁለት ዙር። በድሪል ላይ የሚገጠም የስፖንጅ መወልወያ ካለዎት ይቀልላል፤ ፍጥነቱ ግን ዝቅተኛው ይሁን፤ አንድ ቦታ ላይም አያቁሙት። ፖሊካርቦኔት ሲሞቅ ይለሰልሳል። በየመሐሉ የእጅዎን ጀርባ ያስነኩት፤ የሚያቃጥል ከሆነ ይረፉ።

ከዚያ በአልኮል ጠርገው፣ ሲደርቅ ሰሙን ወይም ሴራሚኩን ይቀቡ። ሴራሚኩ እስኪጠነክር ድረስ፣ ቢያንስ አንድ ቀን፣ ውኃ አያስነኩት።

ክሊሩን ማልበስ

ሃርድነር የሚጨመርበት ክሊር ውስጥ አይሶሳያኔት የሚባል ኬሚካል አለ። ሲረጭ የሚወጣው ጉም ሳንባን ይጎዳል፤ አስም ያስነሣል። የጨርቅ ማስክ አያቆመውም። ለቀለም ጉም የተሠራ፣ ባለ ከሰል ማጣሪያ ጭምብል ከሌለዎት ራስዎ አይርጩ። ልጆች በሚጫወቱበት ግቢ ውስጥማ ጨርሶ አይታሰብም። ለዚህ ነው የምመክረው መንገድ ድብልቅ የሆነው፤ አድካሚውን ፍተጋ ቤትዎ ይጨርሱ፤ መኪናውን በፕላስተር እንደ ተሸፈነ ወደ ቀለም ቀቢ ይውሰዱ። ኮምፕሬሰሩም ጭምብሉም እሱ ጋ አለ፤ ለሁለት መብራት የሚፈጅበት ክሊርም ትንሽ ነው። የእኔ ቀለም ቀቢ ሻካራውን አይቶ «ቆይ መጀመሪያ ልወልውለው» ሲል ተከራክሬ ነው ያስቀረሁት፤ በተወለወለ ላይ የተረጨ ክሊር በዓመቱ እንደ ልጣጭ ይነሣል። እርስዎም ይህን አስቀድመው ይንገሩት። ለመኪና ውጫዊ አካል የሚሆን፣ አልትራቫዮሌት የሚከላከል ክሊር መሆኑንም ይጠይቁ። የእንጨት ቫርኒሽ ራሱ ቢጫ ይሆናል።

ጭምብሉ ኖሮዎት ራስዎ ከሠሩ ግን እንዲህ ነው። ክሊሩንና ሃርድነሩን ቆርቆሮው ላይ በተጻፈው ልክ ያዋሕዱ፤ በግምት አይሁን። መብራቱን በአልኮል ይጥረጉ፤ ከዚያ በኋላ በጣት አይንኩት። ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ርቀው የመጀመሪያውን ዙር እንደ ጤዛ ስስ አድርገው ይርጩ። ይህ ስስ ዙር ግዴታ ነው፤ በአንዴ ብዙ ከረጩ በክሊሩ ውስጥ ያለው ማቅጠኛ ፕላስቲኩን ይበላዋል፤ ሽፋኑም ይንጠባጠባል። አሥር ደቂቃ ይጠብቁ። ቀጥሎ ሁለት ሙሉ ዙር፣ በመሐላቸው አሥር አሥር ደቂቃ እየሰጡ። ሁለተኛው ዙር ሲያርፍ ነጩ ዱቄት ጠፍቶ አምፖሉ ጥርት ብሎ ይታያል።

ከጥቅምትና ከኅዳር ፀሐያማ ጠዋቶች የተሻለ ጊዜ የለም። ክረምት ላይ እርጥበቱ ሽፋኑን ያጨፈግገዋል፤ ነፋሱ በበረታበት ወቅት ደግሞ አቧራው ይለጠፍበታል። 24 ሰዓት ሳይነካ ይቆይ፤ ለአንድ ሳምንት ያህል አይታጠብ።

የሚያታልሉ መድኃኒቶች

የጥርስ ሳሙና ውሸት አይደለም፤ በጣም ደካማ ኮምፓውንድ ነው። ቀላል ጭጋግ ያነሣል፤ ግን ቆዳ አያለብስም። የፍሬን ዘይት፣ ናፍጣና ዝገት ማላቀቂያ ስፕሬይ ደግሞ የሚያደርጉት ውኃው ያደረገውን ነው፤ ጭረቱን ለጊዜው ይሞላሉ። አንድ ጊዜ መኪና ማቆሚያ ላይ አንድ ወጣት በጨርቅ የሆነ ነገር ቀብቶ ዓይኔ እያየ መብራቱን እንደ አዲስ አደረገልኝ፤ ደስ ብሎኝ ከፈልኩት። በሁለተኛው ሳምንት ተመልሶ ጨፈገገ። የፍሬን ዘይት ከሆነ ደግሞ ጠብ ያለበትን ቀለም ያነሣል። ወባ ትንኝ ለመከላከል ሰውነት ላይ የሚረጩት ዲት የተባለ ንጥረ ነገር ያለባቸው ፈሳሾችም የሚያጠሩት የፕላስቲኩን ገጽ እያሟሙ ነው።

በኩባያ እየፈላ በእንፋሎት የሚያጠራው መሣሪያ በቪዲዮ ሲታይ ያስደንቃል። እንፋሎቱ የውኃ አይደለም፤ እንደ ክሎሮፎርም ያለ ፕላስቲክ የሚያቀልጥ መርዛም ኬሚካል ነው። በቤት ውስጥ የሚሠራ ሥራ አይደለም።

ማታ፣ ግድግዳ ፊት

አሁን ብርሃኑ ስለበረታ የተሳሳተ አቅጣጫው ጎልቶ ይወጣል። ደብዝዞ ሳለ ማንንም ያልረበሸ መብራት ሲጠራ ከፊት የሚመጣውን ያሳውራል። ጎማዎቹን ነፍተው፣ ደልዳላ መሬት ላይ ከግድግዳ 10 ሜትር ርቀው ያቁሙ። የመብራቱን መሐል ከመሬት ይለኩና ያንኑ ቁመት ግድግዳው ላይ በፕላስተር ምልክት ያድርጉ። አጭሩን ያብሩ። የብርሃኑ የላይኛው ጠርዝ ከምልክቱ 10 ሳንቲ ሜትር ገደማ ዝቅ ማለት አለበት፤ ወደ ላይ የሚወጣው ሰያፍ ክፍል ደግሞ በቀኝ በኩል፣ በእግረኛው መንገድ በኩል ይሁን።

ሰያፉ ክፍል ወደ ግራ ከወጣ መብራቱ በግራ በኩል ለሚነዱ አገሮች፣ ለምሳሌ ለጃፓን፣ የተሠራ ነው። በአሮጌ መለዋወጫ የተገዙ መብራቶች ላይ ይህ ያጋጥማል። ፈትገው ቢያጠሩትም በቀጥታ የሚያበራው የሚመጣው ሾፌር ዓይን ላይ ነው፤ እንዲህ ያለውን ለቀኝ መንገድ በተሠራ መብራት ይለውጡት። ሶማሌ ተራ ወርደው ሲገዙም ከመክፈልዎ በፊት ግድግዳ ላይ አብርተው ይዩት። ለ55 ዋት ሃሎጅን በተሠራ መብራት ውስጥ ከቻይና የመጣ ኤልኢዲ አምፖል መጨመርም ያንኑ ችግር ያመጣል፤ ብርሃኑ ይበተናል።

ከፍታው ብቻ ከሆነ የተዛባው ከመብራቱ ጀርባ የማስተካከያ ብሎን አለ፤ አንዱን መብራት በጨርቅ ሸፍነው ሌላውን በሩብ ዙር በሩብ ዙር ያዙሩ፤ በእያንዳንዱ ሩብ ዙር ግድግዳውን እያዩ።